አሥራ ሦስተኛው ሳጥን

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምሳሌ ድሮ የሚነገረው ስለ ንጉሥ፣ ስለ ዳኛ፣ ቢያንስ ቢያንስ ስለ አንበሳ ነበር። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው በስልክ መስታወት ላይ ስለሚደረደሩ ሳጥኖች ነው። ይህ ለሽበቴም አይመጥን፣ ለዚህ ክፍል ክብርም አይመጥን። ከቤቱ ቁም ነገር መስማት የለመደ ተማሪ ካለ ጆሮውን ቢደፍን አልቀየምም። ጥፋቱ ግን የእኔ ብቻ አይደለም። ሰሎሜ ናት የጠየቀችኝ።

ምን እንዳለች ሁላችሁም ሰምታችኋል። ስታንቀላፉ ለነበራችሁ ልድገመው። «መምህር፣ ሌላ ሰው ጽፎ የተወውን ቁራጭ ኮድ አንስቼ ገጼ ላይ ብለጥፈው ምን ነውር አለው? በሩም መስኮቱም ተሠርቶ እየጠበቀኝ እኔ ጭቃ ላቡካ እንዴ?» ነበር ያለችው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። መምህር በተማሪ ቀልድ ሲስቅ ከተያዘ ግን ማዕረጉ ይቀንሳል ብዬ ስለምፈራ ፊቴን አጠቆርኩና ምሳሌ ልነግራት ወሰንኩ። ስሚ እንግዲህ ሰሎሜ።

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው የድረ ገጽን ፊት መሥራት ነበር። ሰው ገጹን ሲከፍት ስሙ የት እንደሚቀመጥ፣ ሥዕሉ በየት በኩል እንደሚያርፍ፣ የትኛው ጽሑፍ ከየትኛው ጎን እንደሚቆም የሚወስነው እሱ ነበር። ከጀርባ ያለውን ከባድ ሥራ ለሌሎች ትቶላቸዋል። እሱ የፊት ሰው ነው።

ሥራውን የጀመረው ኢንተርኔት በስልክ ገመድ ውስጥ እየጮኸ በሚመጣበት ዘመን ነው። እናንተ ያን ጩኸት አታውቁትም። መጀመሪያ እንደ ክራር ይቃኛል፤ ቀጥሎ እንደ ታመመ ጥጃ ያጓራል፤ ከዚያ ድንገት ዝም ይላል። ዝም ሲል ዓለም ተከፈተች ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ ከላይ ወደ ታች እየተንጠባጠበ ነበር የሚወርደው። መጀመሪያ ጸጉር፣ ቀጥሎ ግንባር፣ ቀጥሎ ዓይን። አገጩ እስኪደርስ ድረስ ሰው ከባለ ፎቶው ጋር ይዛመድ ነበር። የኢንተርኔት ቤቱ ደንበኛ ሁሉ ወንበሩን አስጠግቶ አብሮ ይጠብቃል። «አፍንጫው መጣ!» ይላል አንዱ። «አፍንጫውስ ቁርጥ አባቱን ነው» ይላል ሌላው፣ አባቱን በሕይወቱ አይቶ የማያውቀው።

ገጽ ሠሪው በዚያ ዘመን እያንዳንዷን መስመር በእጁ ይጽፍ ነበር። የመጀመሪያ ገጹን የሠራው ለአንድ ዳቦ ቤት ነው። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ ዋለና የሚገባ የሚወጣውን አዳመጠ። ሰው ሁሉ ገና ከበሩ ሳያልፍ «ትኩስ አለ?» ነው የሚለው። እሱም ገጹ አናት ላይ «ትኩስ አለ» ብሎ በጉልህ ጻፈ፤ የቀረው ሁሉ ከሥሩ አነስ አነስ ብሎ ተቀመጠ። ገጹ መልከ መልካም አልነበረም። ግራው ከቀኙ አይገጥምም፣ ቀለሙም የቤት ቀለም ሲደፋ የቀረውን ይመስላል። ባለ ዳቦ ቤቱ ግን የእሑድ ልብሱን ለብሶ፣ ሚስቱን ይዞ፣ ኢንተርኔት ቤት ድረስ ሄዶ ያየው ነበር። ቁጭ ብሎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየዋል። ከዚያ «በል ዝጋው፣ እንዳይደክመው» ብሎ ይነሳል።

ሥራ ሲበዛ ግን እጅ ይታክታል። ገጽ ሠሪው አንድ ቀን የአንድ ገጽ ራስጌ ሲጽፍ ያንኑ ራስጌ ዓምናም እንደ ጻፈው ትዝ አለው። ቆርጦ አስቀመጠው። ሌላ ጊዜ ግርጌውን ቆረጠ፤ ቀጥሎ ሥዕል ከነመግለጫው የሚቀመጥበትን ሳጥን፤ ቀጥሎ ጎን ለጎን የሚቆሙ ሦስት ዓምዶችን። የራሱ ሲያልቅ የሰው ይቆርጥ ጀመር። ከሩቅ አገር ገጾች እየገባ፣ ደህና ሆኖ ያገኘውን እያነሳ፣ ስሙን እየለወጠ አጠራቀመ። ይህን ክምችት «ጎተራዬ» ይለው ነበር። ጎተራው ሲሞላ ሥራው ቀለለ። የጥርስ ሐኪም ቢመጣ፣ የመኪና መንጃ ትምህርት ቤት ቢመጣ፣ የቀብር እድር ቢመጣ፣ ከጎተራው ራስጌ ያወጣል፣ ግርጌ ያወጣል፣ መሐሉን ይሞላል፣ ያስረክባል። ደንበኛው ወንበሩን ሳያሞቅ ገጹ ያልቃል። ሰዎች «ምን ዓይነት እጅ ነው!» ይሉ ነበር። እጅ የሚባለው ነገር እኮ ሥራ ካቆመ ቆይቷል።

ከጎተራው ሁሉ የሚኮራባት አንዲት ቁራጭ ነበረች። የቀን መቁጠሪያ ናት። ባሕር ማዶ አንድ ሰው ለጀልባ ኪራይ የሠራት ነበረች፤ እንግዳው ወሩን ይነካል፣ ቀኖቹ ይዘረጋሉ፣ ቀኑን ነክቶ ስሙን ይሰድዳል፣ መልእክቱ ባለቤቱ ስልክ ላይ ይገባል። አሥራ ሁለት ወር በአሥራ ሁለት ሳጥን፣ ሦስት ሦስት ሆነው በአራት ረድፍ ተሰልፈዋል። ገጽ ሠሪው የፈረንጆቹን ወሮች ስም አጠፋና መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለ እስከ ነሐሴ ጻፈ። አንዱ ሠላሳ አንድ፣ አንዱ ሃያ ስምንት የሚለውን ውጣ ውረድ ደምስሶ ሁሉንም ሠላሳ ሠላሳ አደረጋቸው። የእኛ አቆጣጠር ምን ያህል የተስተካከለ እንደሆነ ያን ቀን ገባውና በአገሩ ኮራ።

ከዚያ ጳጉሜን መጣች።

አስገባት። ከአራቱ ረድፍ ወጥታ ከታች ለብቻዋ ወደቀች። በስተግራ ተለጥፋ፣ በስተቀኟ ሁለት ባዶ ቦታ ታቅፋ፣ ድግሱ ካለቀ በኋላ ደርሳ በር ላይ እንደ ቆመች እንግዳ ሆነች። መሐል ላይ አደረጋት፤ ባሰባት። ዳር እስከ ዳር ለጠጣት፤ ያላት አምስት ቀን፣ ቢበዛ ስድስት ስለሆነ ሆዷ ባዶ ሆኖ ታየ። ገጽ ሠሪው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ ተመለከታት። እውነት ለመናገር ረድፉን አበላሽታለች። «አምስት ቀን ናት፤ ማን ያስተውላታል?» አለ። እና «አትታይ» የምትል አንዲት መስመር ጻፈባት።

እዚህ ላይ ለሰውየው ልፍረድለት። አልሰረዛትም። ደበቃት እንጂ። ይህ ልዩነት ለእሱ ኅሊና ትልቅ ነገር ነበር። ጳጉሜንን ግን ማንም አልጠየቃትም።

ደግሞም ዓመታት አለፉ፣ ማንም አላስተዋለም። የሰርግ አዳራሹ አላስተዋለም፤ በክረምት ማን ይሞሸራል? የመንጃ ትምህርት ቤቱ አላስተዋለም፤ በጭቃ ማን ይማራል? መሥሪያ ቤቶቹማ ሲያዩት ከልባቸው ተደሰቱ። ሠራተኛ ጳጉሜንን ሠርቶ ደመወዝ እንደማያገኝባት የታወቀ ነው። እንግዲህ ደመወዝ የሌላት ወር ሳጥንም ባይኖራት ለእነሱ የሥርዓት ነገር ሆኖ ታያቸው። ቁራጯ ከገጽ ወደ ገጽ እየተለጠፈች አገር አዳረሰች።

ወደ ቆላ ሲወረድ፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ሥር፣ ፍል ውሃ ነበረ። ከፍል ውሃው አጠገብ አንዲት ባልቴት የእንግዳ ማረፊያ ነበራቸው። እትዬ ደብሪቱ ይባላሉ። ዓመቱን ሙሉ ቤታቸው ጭር እንዳለ ነው። ጳጉሜን ስትገባ ግን ወገቡን የሚያመው፣ ጉልበቱን የያዘው፣ ምንም ሳያመው የለመደበት ሁሉ ከየአገሩ ይመጣል። ሰው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወረፋ ይይዛል፣ ይቀላለዳል፣ ያረጀ ሐሜት ያድሳል። የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ሲጥል ሁሉም ከክፍሉ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ይቆምና ይዘነብበታል። ሽማግሌ ከሕፃን አይለይም። ያቺ ጳጉሜን ቤቱን እስከሚመጣው ጳጉሜን ታሳድረው ነበር።

ኋላ ላይ ኮረብታው ላይ ሆቴል ተሠራ። ባለ ሆቴሉ የመኪና ማቆሚያ አጥቶ የእትዬ ደብሪቱን ግቢ ዓይኑን ጣለበት። በየወሩ እየወረደ «እትዬ፣ ይሽጡልኝ» ይላቸዋል። እንግዳ እየሳሳ ሄዶ ነበርና እሳቸውም አንድ ቀን ደከማቸው። «ዘንድሮን ልይ። ዘንድሮም ጳጉሜን ካልሞላልኝ ውሰደው» ብለው ቃል ሰጡ። እሳቸው ቃል ከሰጡ አያጥፉም። ከዚያ የእህታቸው ልጅ መጥታ «አክስቴ፣ አሁን ሰው ስልኩ ያላየውን አገር እግሩም አይረግጠው» አለቻቸው። እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ከተማ ወጡ፤ እጁ ፈጣን ነው ከተባለው ሰው ዘንድም ገቡ።

«ልጄ፣ ቤቴን ስልክ ውስጥ አስገባልኝ።»

«ይገባል እትዬ።»

«ውሃው ሲጨስ ይታይ።»

«ይታያል።»

«ዋርካውስ? ግቢዬ ውስጥ ዋርካ አለ። ሰው ከውሃ ወጥቶ እሱ ሥር ነው የሚቀመጠው።»

«ዋርካው ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ይገባል። አሁን እዚያ የጥርስ ሥዕል ነው ያለው፤ አወጣዋለሁ።»

«የምን ጥርስ?»

«የሌላ ሰው ነው እትዬ፣ አይጨነቁ።»

«እሺ። አሁን ዋናውን ነገር ልንገርህ። እኔ ዘንድ ሰው የሚመጣው እኮ...»

«ሁሉም አለ። አስቀድሞ የተሠራ ነው።»

«እኔ ገና ምኑን ነገርኩህ?»

«አይንገሩኝ እትዬ፣ ይደክምዎታል። እርስዎ ሻይዎን ይጠጡ።»

ሻዩ ሳይበርድ ገጹ አለቀ። ገጽ ሠሪው ሲያሳያቸው የቀን መቁጠሪያው በአረንጓዴ ሳጥኖች ተደርድሮ አበራ። እትዬ ደብሪቱ ደቃቅ ፊደል አይታያቸውም። አራት ረድፍ፣ ሦስት ሦስት፣ ውልፍት የማይል ነገር አዩ። «ውይ፣ ጥለት ይመስላል!» አሉ። መረቁት፣ ሳሙት፣ ሄዱ። አገራቸው እንደገቡም ለየደንበኞቻቸው እየደወሉ «ከእንግዲህ እንደ ድሮው ዝም ብላችሁ እንዳትመጡ። ገጽ አለኝ። እዚያ ላይ ቀናችሁን ይዛችሁ ኑ» እያሉ አስጠነቀቁ። ኮርተው ነበር።

ነሐሴ ተጋመሰ። እትዬ ደብሪቱ ፍራሽ አስወጥተው ፀሐይ ባገኙ ቁጥር አናፈሱ። ግድግዳ አስለቀለቁ። ስልካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መልእክት ጠበቁ። መልእክት አልገባም። «የእኔ ሰዎች ድሮም የመጨረሻ ሰዓት ነው የሚወዱት» አሉ። ጳጉሜን አንድ ቀን መኪና ሲመጣ ሰምተው ደጅ ወጡ፤ መኪናው አለፋቸውና ሽቅብ ወደ ኮረብታው ወጣ። ሌላ መጣ፤ እሱም ወጣ። ከቀትር በኋላ ስልኩ ጮኸ። ደዋዩ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ወገባቸውን ይዘው በየዓመቱ የሚመጡ፣ ያንኑ ክፍል ካላገኙ የሚያኮርፉ።

«ደብሬ፣ ምን ነካሽ? ሐዘን ነው ሕመም?»

«ምን ሆንሽ ነው የሚሉኝ ጋሼ?»

«ጳጉሜንን ዘግተሽ የለም እንዴ!»

«ማን ነው ዘጋች ያለው?»

«ገጽሽ ነዋ! የልጅ ልጄ ከፍታ አሳየችኝ። ነሐሴ ሠላሳ ክፍት ነው፣ መስከረም አንድ ክፍት ነው፣ መሐሉ ገደል ነው። እኔማ ዘንድሮ በአዋጅ ተነሥታ ይሆናል ብዬ ሬዲዮ ከፈትኩ። ሬዲዮው ደግሞ ጳጉሜን አንድ ቀን ብሎ ቁጭ። አገሩ ያልዘጋትን ደብሪቱ ዘጋቻት ብለን ተቀየምንሽ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹማ ወዴት ይሂዱ? ኮረብታው ላይ ገብተዋል። ውሃው በኤሌክትሪክ ነው የሚሞቀው አሉ። መብራት ሲጠፋ እያንቀጠቀጣቸው ይወጣሉ።»

እትዬ ደብሪቱ ስልኩን ዘጉና ገጽ ሠሪው ዘንድ ደወሉ። ይጮኹብኛል ብሎ ቢጠብቅ አልጮኹበትም። «ልጄ፣ ጳጉሜንን የት አደረግሃት?» አሉት፣ ዕቃ ያስቀመጠባቸውን ሰው እንደሚጠይቁ።

ሰውየው ለደንበኛ ቅሬታ የሚሰጠው የተዘጋጀ መልስ ነበረው። «ስለተፈጠረው ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ...» የሚል። ለእሳቸው ግን አልሰጣቸውም። «እዚሁ አለች እትዬ። ደብቄያት ነው» አለ።

«ምን አድርጋህ?»

ይህን ለመመለስ ስለ ረድፍ ማስረዳት ነበረበት። ለማስረዳት አፈረ።

ገጹን ከፍቶ «አትታይ» የምትለዋን መስመር አጠፋት። ጳጉሜን ወዲያው ብቅ አለች፣ እንዳስቀመጣት፣ ከታች፣ ለብቻዋ፣ ሁለት ባዶ ቦታ ይዛ። አሁን ሲያያት ረድፉ አልታየው። የታየው ሌላ ነገር ነው። ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ ሠራተኛ ሥራ ገብቶ የማይሠራበት ያ የዓመቱ ጓሮ ታየው። አባቱ፣ ዓመቱን ሙሉ ቤት ውሎ የማያውቀው አባቱ፣ በጳጉሜን ከሰል አጠገብ ቁጭ ብሎ የተሰበረ ወንበር ሲያጣብቅ ታየው። ወንበሩ በየዓመቱ ያው ወንበር ነበር። እናቱ የሩፋኤል ዕለት ልብሱን አውልቃ «ውጣ ይዝነብብህ፣ ታድጋለህ» ብላ ደጅ ስትገፋው፣ የጎረቤት ልጆችም ራቁታቸውን ከየበሩ ሲወጡ፣ ሁሉም እየጮኸ አፉን ለሰማይ ሲከፍት ታየው። ከልጅነቱ ውስጥ አንዲት ወር ብቻ ምረጥ ቢሉት ሳያቅማማ የሚመርጣት እሷን ነበር። እሷኑ ነው በአንዲት መስመር ያጠፋት፤ የጀልባ ኪራይ ሳጥን ስላልበቃት።

በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ቆላ ወረደ። የደንበኛን ደጃፍ ካየ ስንት ዘመኑ ነበር። ሲደርስ ክፍሎቹ በሙሉ ተከፍተዋል፣ ብርድ ልብሶቹ ተጣጥፈዋል፣ ፎጣዎቹ ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። ፍል ውሃው ለማንም ያልሆነ ጭሱን ያጨሳል። እትዬ ደብሪቱ ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁለት። ኮምፒዩተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና፣ ከዳቦ ቤቱ ወዲህ ማንንም ያልጠየቀውን ጠየቃቸው።

«እትዬ፣ እዚህ የሚመጣው ማን ነው?»

ነገሩት። ወገቡን ስለሚያመው ልብስ ሰፊ፣ በየዓመቱ እየመጡ ስለሚጣሉት ሁለት እህትማማቾች፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሳለ ስለሚዘፍነው ጡረተኛ ዘበኛ ነገሩት። ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ «ውሃው እንዴት ነው?» ብሎ እንደሚጠይቅ ነገሩት። አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱ ጎተራውን ሳይከፍት፣ ከባዶ ገጽ ጀምሮ፣ በእጁ መጻፍ ያዘ። ጣቶቹ ረስተውት ስለነበር ብዙ ጊዜ ተሳሳተ። አናቱ ላይ «ውሃው እንደ ዓምናው ነው» ብሎ በጉልህ ጻፈ። ከሥሩ ጳጉሜንን አደረጋት፤ አንድ ሳጥን፣ ገጹን ከዳር እስከ ዳር የያዘ፣ በውስጡም አምስቱ ቀኖች እንደ አምስት ክፍል በር ተከፍተው። አሥራ ሁለቱን ወሮች አንድ ላይ ሰብስቦ ግርጌው ላይ በደቃቁ «ሌሎች ወሮችም አሉን» ብሎ አለፋቸው።

እትዬ ደብሪቱ አጎንብሰው አዩ። ፊደሉ ትልቅ ስለነበር አነበቡት። «አሁን የእኔን ቤት መሰለ» አሉ።

ልብስ ሰፊው በማግሥቱ መጡ። ሩፋኤል ነበር፤ ዝናብ ግን ዘንድሮ ቀረ። እህትማማቾቹም ገቡ፤ ከኮረብታው ሆቴል ተጣልተው ወጥተው ነው፣ ከማን ጋር እንደተጣሉ አልታወቀም። ሦስት አራት ሰው ተጨመረ። የመጨረሻዋ ምሽት ዘበኛው ውሃ ውስጥ ሆኖ ሲዘፍን ከባዶዎቹ ክፍሎች ድምፁ እየተመለሰ ብዙ ሰው የሚዘፍን መሰለ። ቤቱ ግን አልሞላም። መስከረም ጠብቶ ባለ ሆቴሉ ሲወርድ እትዬ ደብሪቱ በር ላይ ጠበቁት። «ዘንድሮን አየሁት» አሉና ቁልፉን ሰጡት። ገጽ ሠሪው እኔ አጠፋሁ፣ አንድ ዓመት ይታገሡ ብሎ ለምኗቸው ነበር። «ቃሌ እኮ ገጽ አይደለም ልጄ፣ ዛሬ አጥፍቼ ነገ አልጽፈውም» ነበር ያሉት።

ዋርካው ተቆረጠ። ግቢው ድንጋይ ለብሶ መኪና ይቆምበታል። ውሃው ከድንጋዩ ሥር ሆኖ አሁንም ይጨሳል፤ እዚያ የሚያድሩ መኪኖች ወገባቸውን አያማቸውም እየተባለ ይወራል። እትዬ ደብሪቱ ከእህታቸው ልጅ ጋር መኖር ጀመሩ። ገጽ ሠሪውን ግን «ገጹን አውርደው» ያለው ማንም የለም፤ እሱም አላወረደውም። መልእክቱን ወደ ራሱ ስልክ አዙሮታል፤ በየዓመቱ ነሐሴ ሲያልቅ መልእክት ይገባል። «ዋርካው ሥር ያለው ክፍል ይገኛል?» ይላል አንዱ። «እናቴን ይዤ ልምጣ?» ይላል ሌላው። ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሄድ መልስ ማዘጋጀት ለእሱ የደቂቃ ሥራ ነው። እሱ ግን ቁጭ ብሎ ለእያንዳንዱ በእጁ ይጽፋል፤ ቤቱ እንደሌለ፣ ውሃው እንዴት እንደነበረ፣ ማን ማን ይመጣ እንደነበር። ጳጉሜንን በዚሁ ያሳልፋል። ደመወዝ የለውም።

እንግዲህ ሰሎሜ፣ ጥያቄሽ ነውር አለው ወይ ነበር። የለውም። አንሺ፣ ለጥፊ፤ በር ተሠርቶ እያለ ጭቃ አታቡኪ። እኔም ይህን ሸሚዝ አልሸመንኩትም። ነገር ግን ቁራጭ ኮድ ማለት የማታውቂው ሰው ለማታውቂው ሰው የመለሰው መልስ ነው። ጀልባ ሊከራይ የመጣው ሰው የጠየቀው ወገቡን የያዘው ሰው ከሚጠይቀው ጋር አንድ ነው ብለሽ አታስቢ። ያንቺ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የሌላውን መልስ በእጅሽ ይዘሽ ቆዪ። ከዚያ ሳጥኑ ካልበቃ ሳጥኑን ስበሪው። በየገጹ ረድፍ የምታበላሽ አንዲት ነገር አትጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው አገር አቋርጦ የመጣው ለእሷ ነው።

አሁን አንድ ልመና አለኝ፣ ለሁላችሁም ነው። ይህን ምሳሌ ከዚህ ክፍል አታውጡት። አምሮባችሁ ለሌላ ሰው ልትነግሩት እንደምትችሉ ፊታችሁ ይናገራል። የቆረጥኩት ለሰሎሜ ጥያቄ፣ በሰሎሜ ልክ ነው። ሌላው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቃችሁ አላውቅም፤ እናንተም ገና አልሰማችሁትም። እባካችሁ፣ ለማንም አትድገሙት።